ሕጋዊ የሆነው አንድ ኮሚኒስት ፓርቲ ብቻ ነበር

ለዋና አዘጋጁ፣

ስፔን ከፍራንኮ አምባገነን አገዛዝ ወደ ዲሞክራሲ ስለተሸጋገረችበት ዘመን ያወጣችሁት ጽሑፍ ብዙ ቁም ነገር ይዟል። ስለ ግራው ክንፍ የተባለው ግን አንባቢን ያሳስታል። ጽሑፉ «ኮሚኒስቶቹ» በኤፕሪል 1977 ሕጋዊ እንደሆኑ፣ ከእነሱ ግራ የቆሙትም በሁለት ወሩ ምርጫ ቀርበው ሕዝቡ አንቅሮ እንደተፋቸው ይተርካል። በዚያ ወር የተመዘገበው በሳንቲያጎ ካሪዮ ይመራ የነበረው የስፔን ኮሚኒስት ፓርቲ፣ በአጭሩ ፒሲኢ ነው። ዋና ዋናዎቹ የጽንፈኛው ግራ ድርጅቶች ጁን 15 ቀን 1977 ድምፅ ሲሰጥ ገና ሕገወጥ ነበሩ፤ ስማቸውም በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ አልነበረም። (የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምዝገባው እንዴት ይሄድ እንደነበር ልግለጽ። ፍራንኮ ኖቬምበር 20 ቀን 1975 ሲሞት ፓርቲ ማቋቋም ወንጀል ነበር። በ1976 የወጣው የፖለቲካ ማኅበራት ሕግና ተከትሎት የተሻሻለው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በሩን ገርበብ አደረጉት። ነገር ግን ለዓለም አቀፍ ዲሲፕሊን ተገዝቶ ጠቅላይ ሥርዓት ለመትከል የሚያስብ ድርጅት አይፈቀድም የሚል አንቀጽ ገባበት፤ አንቀጹ የተሰፋው በኮሚኒስቶች ልክ ነው። በፌብሩዋሪ 1977 የወጣው አዋጅ ደግሞ መዝጋቢው ሚኒስቴር በ10 ቀን ውስጥ ይመዝግብ፣ ከተጠራጠረም ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ይምራ አለ። የፒሲኢ ማመልከቻ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ዳኞቹ ጉዳዩ አይመለከተንም ብለው በኤፕሪል መጀመሪያ መለሱት። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አዶልፎ ሱዋሬስም አገሩ ለበዓል በተበተነበት የትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 9 ቀን፣ አስመዘገበው። የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ተቃውመው ሥልጣን ለቀቁ። ካሪዮም ዋጋውን ለመክፈል ሳምንት አልፈጀበትም፤ ማዕከላዊ ኮሚቴው ዘውዱንና ቀይና ቢጫውን ሰንደቅ ዓላማ ተቀበለ። ሪፐብሊክና ጊዜያዊ መንግሥት ይቋቋም ከሚለው ጥያቄ ንቅንቅ ያላሉት ድርጅቶች ሕጋዊነቱን ያገኙት ምርጫው ካለፈ በኋላ ነው።

እነዚህ ድርጅቶች እነማን ነበሩ? ትልቁ የስፔን የሥራ ፓርቲ፣ በአጭሩ ፒቲኢ ነው። በ1967 ከፒሲኢ የካታሎኒያ ክንፍ ከተገነጠሉ ሰዎች የመነጨ ማኦይስት ፓርቲ ሲሆን መሪው ኤላዲዮ ጋርሲያ ካስትሮ ነበር። ሁለተኛው የሠራተኞች አብዮታዊ ድርጅት (ኦአርቲ) ይባላል። እሱም ማኦይስት ነው፤ ሥሩ ግን ኢየሱሳውያን ካህናት ካደራጁት የካቶሊክ ሠራተኞች ማኅበር ይመዘዛል፤ በሆሴ ሳንሮማ ይመራ ነበር። የኮሚኒስት ንቅናቄ (ኤምሲ) በ1966 ለባስክ ነፃነት በትጥቅ ይታገል ከነበረው ኢታ ተለይቶ የወጣ አንጃ ነው፤ የትጥቁን መንገድ ትቶ በመላ ስፔን ተስፋፋ። አብዮታዊ ኮሚኒስት ሊግ (ኤልሲአር) በ1971 የተመሠረተ የትሮትስኪስቶች ድርጅት ሲሆን በ1973 ከኢታ የወጣ ሌላ ክንፍ ተቀላቅሎታል። ትናንሾቹን ልለፋቸው።

ጽሑፋችሁ እነዚህን ሁሉ ከነፍራፕና ከግራፖ ጋር በአንድ ሙቀጫ መውቀጡ በተለይ ቅር አሰኝቶኛል። ፍራፕ ከስፔን ኮሚኒስት ፓርቲ (ማርክሲስት ሌኒኒስት) ጋር የተያያዘ የታጠቀ ግንባር ነው፤ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1975 ፍራንኮ ካስረሸናቸው አምስት ሰዎች ሦስቱ የእሱ አባላት ነበሩ። ግራፖ ከሌላ ትንሽ ፓርቲ ጋር የተሳሰረ ሲሆን በዲሴምበር 1976 እና በጃንዋሪ 1977 ባለሥልጣኑን ኦሪዮልንና ጄኔራል ቪያኤስኩሳን አግቷል። ፒቲኢ፣ ኦአርቲና ኤምሲ ግን የሠሩት በፋብሪካ፣ በሠፈርና በዩኒቨርሲቲ ነው። እንዲያውም ከሊበራሎችና ከክርስቲያን ዲሞክራቶች ጋር አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ፒቲኢ ከፒሲኢ ጋር ዲሞክራሲያዊ ኹንታ በተባለው የተቃዋሚዎች ጥምረት፣ ኤምሲና ኦአርቲ ከሶሻሊስቶቹ ጋር ፕላትፎርም በተባለው ሌላ ጥምረት ውስጥ ነበሩ፤ ሁለቱ ጥምረቶች በማርች 1976 ተዋሐዱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከሱዋሬስ ጋር የሚደራደሩ ዘጠኝ ሰዎች ሲመረጡ ጽንፈኛው ግራ ወንበር ተነፈገ። ሽግግሩን ስናጠና ይህን ልብ ልንል ይገባል፤ ጎዳናውን ከሞሉት አብዛኞቹ ድርድሩ ውስጥ አልነበሩም።

ጎዳናው በምን ይሞላ ነበር? የኅቡዕ ሥራው ዋና መሣሪያ ስፔኖች «ቬትናሚታ» የሚሉት የእጅ ማባዣ ነው። ጨርቅ የተወጠረበት የእንጨት ክፈፍ በማጠፊያ ከአንድ ጣውላ ጋር ይያያዛል። ከጽሕፈት መኪናው ላይ ሪባኑ ይነሳና ፊደሎቹ የስቴንስሉን፣ ማለትም የማባዣውን የሰም ወረቀት፣ ሰም በስተው እንዲያልፉ ይመታሉ። ስቴንስሉ ከጨርቁ ሥር ይለጠፋል፣ ቀለም የነካ ሮለር ከላይ ይገፋበታል፣ ክፈፉ ይነሳል፣ ወረቀቱ ይወጣል፤ እንደዚያ እያሉ አንድ በአንድ። ቀለሙ ሲወፍር የ«ኦ» እና የ«ኤ» ሆድ ይደፈናል፤ ሲቀጥን ይፈስና ወረቀቱን ያጨማልቃል። ስቴንስሉ ሲሳሳ ይቀደድና ጽሑፉ እንደገና ይመታል። የአንድ ጽሕፈት መኪና ፊደል ጉድለት ባለቤቱን ስለሚያጋልጥ መኪናውን መቀያየር ግድ ነበር። መሣሪያው ትንሽ ስለሆነ በሻንጣ ይዞራል፣ ሲሠራም ድምፅ አያሰማም፤ በቀጭን ግድግዳ በተለያየ አፓርታማ ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዚህ ዓይነት የተባዛ ወረቀት የያዘ ወጣት ከተያዘ በ1963 በተቋቋመው የሕዝባዊ ጸጥታ ፍርድ ቤት ይቀርብ ነበር። ያ ፍርድ ቤት የፈረሰው በጃንዋሪ 1977፣ ከምርጫው አምስት ወር ብቻ ቀደም ብሎ ነው።

እንግዲህ ወደ ድምፁ ልምጣ። ፓርቲዎቹ በስማቸው መወዳደር ስላልቻሉ የመራጮች ፊርማ አሰባስበው በሌላ ስም ቀረቡ። ፒቲኢ «የግራ ዲሞክራሲያዊ ግንባር»፣ ኦአርቲ «የሠራተኞች የምርጫ ስብስብ» ሆነ። ኤልሲአር ከሌሎች ትናንሽ ድርጅቶች ጋር «የሠራተኞች አንድነት ግንባር» በሚል ገባ። ኤምሲ በየአካባቢው ከሌሎች ጋር የጋራ ዝርዝር አቀረበ። ለዓመታት ሰው ተደብድቦና ታስሮ ያስተዋወቀው ስም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በማይታወቅ ስም ተተካ፤ ግድግዳ ላይ የተጻፈውና ድምፅ መስጫው ላይ የታተመው አልገጠመም።

በውጤቱ የፒቲኢ ግንባር 122 ሺህ ያህል (0.67 በመቶ)፣ የኦአርቲ ስብስብ 77 ሺህ ያህል (0.42 በመቶ) ድምፅ አገኘ። ይህን ቁጥር የሚጠቅስ ሰው የካታሎኒያው ከውስጡ መውጣቱን አብሮ መናገር አለበት። ፒቲኢ እዚያ የገባው ከካታሎኒያ ሪፐብሊካን ግራ ጋር በአንድ ዝርዝር ስለሆነ ድምፁ ለብቻው ተቆጥሯል፤ ያ ዝርዝርም አንድ ወንበር አግኝቶ ሄሪበርት ባሬራን ፓርላማ አስገብቷል። በባስክም የኤምሲ ክንፍ ያለበት ኤውስካዲኮ ኤስኬራ የተባለ የግራ ጥምረት አንድ የፓርላማ አባል አስመርጧል።

በተጨማሪም በ1977 የመምረጫ ዕድሜ 21 ነበር። የፒቲኢ የወጣቶች ክንፍ፣ ወጣት ቀይ ዘብ፣ ብዙ አባላቱ ከዚያ በታች ነበሩ፤ ፖስተር ለጥፈው፣ ሰልፍ መርተው፣ በምርጫው ቀን ድምፅ መስጠት አልቻሉም። ዕድሜው ወደ 18 የወረደው በኖቬምበር 1978፣ የሕገ መንግሥቱ ሕዝበ ውሳኔ ሊደረግ ሳምንታት ሲቀሩት ነው።

የወንበሩ አከፋፈልም አለ። በማርች 1977 የወጣው የምርጫ አዋጅ 350 ወንበሮችን በ50 ክፍላተ ሀገርና በሁለቱ የሰሜን አፍሪካ ከተሞች አከፋፈለ። እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር በቅድሚያ ሁለት ወንበር ያገኛል፤ ከዚያ ለየ144,500 ነዋሪ አንድ ይጨመርለታል። ሶሪያ ተብሎ የሚጠራው ትንሽ ክፍለ ሀገር 3፣ ማድሪድ 32፣ ባርሴሎና 33 ደረሳቸው። በክፍለ ሀገሩ ከ3 በመቶ በታች ያገኘ ዝርዝር ወዲያው ይወጣል፤ የቀሩት ድምፅ ለ1፣ ለ2፣ ለ3 እየተካፈለ ትልልቆቹ ድርሻዎች ወንበር ይወስዳሉ። ሦስት ወንበር ባለበት ቦታ 10,000 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል፤ አንዱ 5,000፣ ሌላው 3,500፣ ሦስተኛው 1,500 አገኙ። ድርሻዎቹ 5,000፣ 3,500 እና 2,500 ስለሚሆኑ አንደኛው ሁለት፣ ሁለተኛው አንድ ይወስዳሉ፤ 15 በመቶ ያገኘው ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ ድምፁ በመላ አገሪቱ የተበተነ ትንሽ ፓርቲ ተስፋው ማድሪድና ባርሴሎና ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ 3 በመቶው ይጠብቀዋል።

ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የታየው በማርች 1979 ምርጫ ነው። አሁን ሕጋዊ ናቸው፣ በስማቸው ቀርበዋል፣ የ18 ዓመት ወጣትም ይመርጣል። ፒቲኢ 192 ሺህ ያህል ድምፅ አግኝቶ አንድም ወንበር አልደረሰውም። የባስክ ነፃነት አቀንቃኙ ኤሪ ባታሱና በ172 ሺህ ሦስት ወንበር ወሰደ፣ ምክንያቱም ድምፁ ባስክ ውስጥ ተሰብስቧል። የፒቲኢና የኦአርቲ ድምፅ ሲደመር 320 ሺህ ይጠጋል፤ ያን ያህል የሚሆን ድምፅ ያገኘው የአንዳሉሲያ ሶሻሊስት ፓርቲ አምስት ሰው አስገባ። አሸንፈው ነበር እያልኩ አይደለም፤ ካሪዮም ራሱ 10 በመቶን ያለፈው በጥቂቱ ነው። «ሕዝቡ አልፈለጋቸውም» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር መዝጋት ግን ሒሳቡን ሳያዩ መፍረድ ነው።

ከወንበሩ ጋር ገንዘቡም ሄደ። የ1977ቱ አዋጅ ለእያንዳንዱ ወንበር 1 ሚሊዮን ፔሴታ፣ ለታችኛው ምክር ቤት ድምፅ ደግሞ በነፍስ ወከፍ 45 ፔሴታ ከመንግሥት ካዝና ይከፍል ነበር። የድምፁ ክፍያ ግን በዚያ ክፍለ ሀገር ቢያንስ አንድ ሰው ላስመረጠ ዝርዝር ብቻ ነው። ሌላው ለፖስተር፣ ለአዳራሽና ለመኪና ኪራይ ያወጣው በራሱ ዕዳ ላይ ይቀራል። ለኅቡዕ ሥራ የአባላት መዋጮ ይበቃ ነበር፤ ለሕጋዊ ፓርቲ፣ ቢሮ ለሚከራይና ደመወዝተኛ ካድሬ ለሚይዝ፣ አልበቃም።

የራሳቸውን ጥፋት መሸፈን አልፈልግም። ትልቁ ጥፋት በሠራተኛ ማኅበሩ ላይ የሠሩት ነው። ኮሚሲዮኔስ ኦብሬራስ የተባለው የሠራተኞች ንቅናቄ ባርሴሎና ላይ በጁላይ 1976 ተሰብስቦ ወደ መደበኛ ማኅበርነት ለመለወጥ ሲወስን፣ የፒቲኢና የኦአርቲ ሰዎች ሁሉንም ሠራተኛ የሚያቅፍ አንድ ማኅበር ይቋቋም ብለው ተቃወሙ። ጥያቄው ጥሩ ነበር። ግን ወጥተው አንዱ ሲኤስዩቲን፣ ሌላው ሲንዲካቶ ዩኒታሪዮን አቋቋመ፤ በአንድነት ስም ሁለት ተፎካካሪ ማኅበር ተፈጠረ። በኦክቶበር 1977 መንግሥትና ፓርቲዎች የተፈራረሙት የሞንክሎዋ ስምምነት የደመወዝ ጭማሪን በ22 በመቶ ሲገድብ የዋጋ ንረቱ 26 በመቶ አካባቢ ነበር። ስምምነቱን በመቃወም ብዙ ሠራተኛ ሊያሰባስቡ የሚችሉበት ጊዜ ቢሆንም ተከፋፍለው ጠበቁት። በ1978ቱ የፋብሪካ ተወካዮች ምርጫ ኮሚሲዮኔስ ሲሶውን፣ የሶሻሊስቶቹ ማኅበር ዩጂቲ ከአምስት እጅ አንዱን ወሰዱ። ፒቲኢና ኦአርቲ የተዋሐዱት በ1979 ክረምት፣ ከምርጫው ሽንፈት በኋላ ነው። ውሕዱ ፓርቲ በ1980 ፈረሰ። ከምርጫው በፊት ቢዋሐዱ ኖሮ የማድሪድን 3 በመቶ ለመሞከር የተሻለ ዕድል ይኖራቸው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጽሑፋችሁ «ጠፉ» ማለቱም ልክ አይደለም። ኤምሲና ኤልሲአር ቀጥለው የጸረ ኔቶ ንቅናቄው አከርካሪ ሆኑ፤ ስፔን በኔቶ ትቀጥል ወይ በተባለበት የማርች 1986ቱ ሕዝበ ውሳኔ ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው «አይሆንም» አለ። በ1991 ተዋሕደው ከሁለት ዓመት በኋላ ተለያዩ። ፒቲኢ በ1976 በአንዳሉሲያ ያቋቋመው የገጠር ሠራተኞች ማኅበር (ኤስኦሲ) ከፓርቲው በላይ ዕድሜ አገኘ። የማኅበሩ መሪ ሳንቼዝ ጎርዲዮ ከ1979 እስከ 2023 የአንዳሉሲያዋ መንደር የማሪናሌዳ ከንቲባ ነበር፤ መሬት የሌላቸው የቀን ሠራተኞች የኢንፋንታዶ መስፍንን እርሻ ለዓመታት እየያዙ፣ ፖሊስ እያስወጣቸው እንደገና እየተመለሱ ታገሉ፤ በ1991 የአንዳሉሲያ መንግሥት 1,200 ሄክታሩን ገዝቶ ለመንደሩ አስረከበ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ