መኪናው ለምን እኛ ጋ ያድራል? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ስልካችን እረፍት የለውም። የሚደውለው አብዛኛው ሰው ተቆጥቶ ነው። በሩ ላይ የለጠፍናትን ወረቀት አንብባችሁ ፊታችሁን አዙራችሁ የሄዳችሁ አላችሁ። «እናንተም ገንዘብ ለመዳችሁ» ብላችሁ ስልኩን ጆሮዬ ላይ የዘጋችሁ አላችሁ። አንድ የቆዩ ደንበኛችን ደግሞ ምንም ሳይናገሩ ሌላ ጋራዥ ሄደዋል፤ ከሁሉም ያመመኝ የእሳቸው ነው። ሁለት መስመር ለጥፎ ዝም ማለት ስለማይሆን ቁጭ ብዬ ልጻፍላችሁ አልኩ። ረዘም ይላል፣ ቻሉኝ።

ነገሩ ይሄ ነው። ያገለገለ መኪና ልትገዙ ስትሉ የምንሠራላችሁን የአንድ ሰዓት ፍተሻ አቁመናል። አሁን መኪናው ከሰዓት በኋላ ይገባል፣ እኛ ጋ ያድራል፣ ጠዋት ሞተሩ እንደቀዘቀዘ የምናስነሳው እኛ ነን። ዋጋውም ጨምሯል። ክፍያው ደግሞ መኪናውን ገዛችሁትም ተዋችሁትም ያው ነው።

ሐሙስ ለጥፈን ሰኞ መጀመራችን ልክ አልነበረም። ሻጩ «አላሳድርም» ብሎ የፈለጋችሁት መኪና ያመለጣችሁም አላችሁ። ይቅርታ። ውሳኔውን ግን አላነሳውም፣ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ዓምና ነው። ከዚያ በፊት ሁለት መኪና እኛ ጋ አስፈትሻ የገዛች ደንበኛችን ሦስተኛ ልጇን ወለደችና ባለ ሰባት መቀመጫ ኤስዩቪ መፈለግ ጀመረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነጭ፣ ታጥቦ የሚያብረቀርቅ መኪና ከነሻጩ ይዛ መጣች። ሻጩ ሰዓቱን ያያል፣ ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው ይላል። ኮፈኑን ስከፍት ወላፈኑ ፊቴን መታኝ። የሞተሩ ድምፅ ልስልስ ያለ ነው። የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበውን ስካነር ሰካሁ፣ አንድም የብልሽት ኮድ የለም። ይዤው ወጣሁ፣ መሪው ወደ ጎን አይጎትትም፣ ፍሬኑም አይንቀጠቀጥም። «ግዢው» አልኳት።

በ11ኛው ቀን ማለዳ ደወለችና ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠግታ አሰማችኝ። ሲነሳ ለሦስት ለአራት ሰከንድ ያህል ሰንሰለት ቆርቆሮ ላይ ሲጎተት የሚመስል ድምፅ አለ፣ ከዚያ ጭጭ። የታይሚንግ ሰንሰለቱ፣ ቫልቮቹንና ፒስተኖቹን በጊዜያቸው የሚያስኬደው፣ ላልቷል። እሱን ወጥሮ የሚይዘው ክፍል ጉልበቱን የሚያገኘው ከዘይት ግፊት ስለሆነ፣ ጠዋት ዘይቱ እስኪደርሰው ድረስ ሰንሰለቱ ይንቀጫቀጫል፣ ሲደርሰው ዝም ይላል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ቢመጣ እኔም አልሰማው፣ ማንም አይሰማው። ሻጩ አውቆ አሙቆት ይምጣ፣ መንገዱ ያሙቀው፣ እሱን ለእግዜር ትቼዋለሁ። ሞተሩ ግን መከፈት ነበረበት። ልጅቷ አልጮኸችብኝም። «ጋሼ፣ እርስዎ አልሰሙትም ነበር?» ብቻ ነው ያለችኝ። የእጅ ሳንቀበል ሠራንላት። ጥያቄዋ ግን ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

ሌሊቱ ምን ይጨምራል ለምትሉኝ፣ ጠዋት መጀመሪያ የማየው መኪናውን ሳይሆን ማታ ከሥሩ ያነጠፍነውን ካርቶን ነው። ጥቁር ወይም ቡኒ ጠብታ ካለ የሞተር ዘይት ነው። ቀላ ካለ ብዙ ጊዜ የካምቢዮ ነው። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሆኖ ጣፈጥ ያለ ሽታ ካለው ከራዲያተሩ ወገን ነው። ንጹህ ውሃ ብቻ ከሆነ የኤሲው ነው፣ እሱን ተዉት። ለአንድ ሰዓት ቆሞ የሚሄድ መኪና ካርቶኑ ላይ ምንም ሳይጥል ሊወጣ ይችላል። ከዚያ የራዲያተሩን ክዳን እከፍታለሁ፤ ይህን በሞቀ ሞተር የሚሞክር ሰው ፊቱን ነው የሚያቃጥለው፣ ስለዚህ በአንድ ሰዓቱ ፍተሻ ውስጡን አይተነው አናውቅም ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጬ ወተት የመሰለ ነገር አለ ወይ ብዬ አያለሁ፣ ካለ ዘይቱ ውስጥ ውሃ ገብቶ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ ቁልፉ ይዞራል። ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ስስ ነጭ እንፋሎት ወጥቶ ከጠፋ የጠዋት እርጥበት ነው፣ ወፍራም ሆኖ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ግን የራዲያተሩ ውሃ ወደ ሞተሩ እየገባ ነው ብላችሁ ፍሩ።

ስካነሩም ቢሆን ይዋሻል። ይዋሻል ስል እሱ አይደለም፣ ሰዎች ናቸው የሚያስዋሹት። የቼክ ኢንጅን መብራትን ማጥፋት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ኮድ ሲጠፋ ግን መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው ምርመራዎች አብረው ወደ «አልተጠናቀቀም» ይመለሳሉ፣ እንደገና እንዲሞሉ ደግሞ መኪናው ቀዝቅዞ መነሳት፣ ቀጥሎም በተለያየ ፍጥነት መነዳት አለበት። ኮድ የለም፣ ምርመራውም ባዶ ነው ማለት ቅርብ ጊዜ የሆነ ሰው ነካክቶታል ማለት ነው። ባትሪ ተነቅሎም ሊሆን ይችላል፣ ግን እንጠይቃለን። ጠዋት ይዘነው ስንወጣ ያ መብራት ተመልሶ ሲበራ ስንት ጊዜ አይተናል መሰላችሁ።

ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣብን ደግሞ የቤተሰብ ኤስዩቪው ነው። ትንሿን መኪና ሰው ለብቻው ይነዳታል። ሃይላንደር፣ ፓይለት፣ ሶሬንቶ የሚገዛ ሰው ግን ልጆቹን፣ አንዳንዴም እናቱን ከኋላ አስቀምጦ ነው ረጅም መንገድ የሚወጣው። መኪኖቹም በባሕርይ አንድ አይደሉም። የሆንዳ ፓይለት ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ሞተር ሰንሰለት ሳይሆን ቺንጋ ነው ያለው፤ ብዙ ጊዜ 160,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ መቀየር አለበት፣ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ። ስለዚህ 150,000 የሄደ ፓይለት በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ ስትመጡ ደስታችሁን የማቀዘቅዘው ክፉ ሆኜ አይደለም። የኒሳን ፓዝፋይንደር እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2020 ሞዴል ያለው ካምቢዮ ሲቪቲ ነው፣ ማለትም እንደ ሌላው ማርሽ የሚቀያይር አይደለም፤ እሱን ደግሞ ቀዝቅዞም ሞቆም፣ ዳገት ላይም መሞከር ያስፈልጋል፣ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረም ወረቀት እንጠይቃለን። በአራቱም ጎማ የሚስብ ከሆነ ሦስት ያለቀ ጎማና አንድ አዲስ ካየን ቆም እንላለን፣ እኩል የማይዞር ጎማ ኃይል ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈውን ክፍል ቀስ እያለ ይበላዋልና። ጎማው ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች እናንተም ማንበብ ትችላላችሁ፦ 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መርገጫው አዲስ መስሎ ዕድሜው ያለፈ ጎማ ሞልቷል።

አንድ ደንበኛችን «መቀመጫ ማጠፍና መዘርጋት ምን ይሉታል፣ ሰዓት ለመቁጠር ነው» ብሎ ጽፎብናል። ወንድሜ፣ ሦስተኛውን ረድፍ የምናጥፈው ከሥሩ ያለውን ምንጣፍ ለማንሳት ነው። ጎርፍ የገባበት መኪና ላዩ ይታጠባል፣ ሽቶ ይነፋበታል፣ የመቀመጫ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስትስበው ግን ጫፉ ላይ የደረቀ ጭቃ ወይም የውሃ መስመር ታገኛለህ። ባለፈው ወር ያገኘነው እንደዚያ ነው፤ ሾፌሩ ጋ ያለው ቀበቶ አዲስ ነበር፣ የኋለኛውን መቀየር ረስተውት።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፣ ሳልወድ። «ያልገዛሁትን መኪና ለምን እከፍላለሁ?» ትላላችሁ። የሚከፈለን ስትገዙ ብቻ ቢሆን እኛም እንድትገዙ እንፈልጋለን ማለት ነው፤ ያኔ ከደላላው በምን እንለያለን? አትግዙት ያልንበት ቀን ነው እኮ የበለጠ የሠራንላችሁ። የስካነሩ ሶፍትዌር በየዓመቱ ይታደሳል፣ በየዓመቱም ይወደዳል። ኪራይ ጨምሯል። መኪና ሲያድር ጥበቃ ይፈልጋል፣ ኃላፊነቱም የእኛ ነው። አብረውን የሚሠሩትን ሁለት ልጆች አስተምረን ሌላ ቦታ እንዳይወስዱብን ደመወዛቸውን ከፍ አድርገናል። ከዚህ ላይ አትርፈናል የሚል ካለ ይምጣና መዝገቡን ይይ።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ይህን ቤት ስንከፍት የነበረን አንድ ክሪክና አንድ የእጅ ባትሪ ነው፣ ባትሪውንም ከቤት ነው ያመጣነው። 19 ዓመት ሆነን። የመጀመሪያውን ዓመት ያቆዩን እናንተ ናችሁ፣ ሥራ ሳይኖራችሁ እንኳ ዘይት ለመቀየር ቀድማችሁ ትመጡ ነበር። ይህ አይጠፋኝም። ወንድሜ አሁን ዓይኑ ደክሟል፣ ከመኪና ሥር አይገባም። ጠዋት ሞተር ሲነሳ ግን ኮፈኑ አጠገብ ወንበር ስበን የምናስቀምጠው እሱን ነው። እጁን ያነሳል፣ ሁላችንም ዝም እንላለን፣ ቁልፉ ይዞራል። ከስካነሩ በፊት የሚናገረው እሱ ነው፣ ብዙውን ጊዜም አይስትም።

ሻጩ መኪናውን አላሳድርም ካለ አንድ መላ አለን። እኛ ማለዳ ወደ እሱ እንመጣለን፣ ተጨማሪ አናስከፍልም። እናንተ ማታ ደውላችሁ «እኛ ሳንደርስ እንዳታስነሳው» ብቻ በሉት። ስንደርስ እጄን ኮፈኑ ላይ አደርጋለሁ፤ ከሞቀ ተመልሰን በሌላ ቀን እንመጣለን። ሁለት ጊዜ አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ ካጋጠማችሁ ውሳኔው የእናንተ ነው፣ እኔ ግን የራሴን አላወጣበትም ነበር።

ዋጋው ከበደን የምትሉ የቆያችሁ ደንበኞቻችን ደግሞ ኑና እንነጋገር፣ በሁለት ጊዜ መክፈል ይቻላል። በስልክ አትዝጉብኝ ብቻ።

ሳይናገሩ የሄዱት ደንበኛችን፣ ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎት፦ የመኪናዎ ፋይል መሳቢያችን ውስጥ እንዳለ ነው። ትናንት ገልጬ አየሁት፣ የካምቢዮው ዘይት መቀየሪያ ደርሷል። ሌላ ቦታም ቢሆን ያስቀይሩት፣ አያሳልፉት። እኛ ጋ ቢያመጡት ግን ወንድሜም ደስ ይለዋል፣ ሰሞኑን ሁለቴ ጠይቆኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባለቤት