አባዬን አትፈትኑት

ውድ እማዬ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ። ሐዋሳ ዝናቡ ጀምሯል። ስለ አባዬ የመርሳት በሽታ፣ ስለ አልዛይመሩ፣ በስልክ ያላወራሁሽ እሱ ሁልጊዜ ከጎንሽ ስለሆነ ነው። ስም ይረሳል እንጂ ሰው ስለ እሱ ሲንሾካሾክ አይስተውም።

ለፋሲካ ስመጣ ያስከፉኝ እንግዶቹ ናቸው። ገና ከበር ላይ "ጋሼ፣ አወቁኝ? ማን ነኝ?" ይሉታል። እሱም "እንዴት አላውቅህም!" ብሎ ይስቅና ዓይኑ አንቺን ይፈልጋል። ለፍቅር ብለው ነው፣ ይገባኛል። ግን ፈተና ነው፣ ያውም እንደሚወድቅ እያወቁ። ከእንግዲህ ሰው ሲገባ አንቺ ቅደሚና "የእህትህ ልጅ መጣልህ" በይው። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ራሱ ይመጣለታል። የአንበሳ አውቶቡስ ሹፌርነቱን ካነሱበትማ ማን ያስቆመዋል! በዚህ በሽታ የትናንቱ ቀድሞ ይጠፋል፣ የድሮው ይቆያል።

"እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል" የሚሉሽን አትስሚ። አልዛይመር በሽታ ነው፤ ያረጀ ሁሉ አይዘውም። ሐኪሙ መጀመሪያ የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ያዘዘውም ለዚህ ነበር። በእነሱ ጉድለት የመጣ መርሳት ሲታከም ሊሻሻል ይችላል። የእሱ ውጤት ደህና ስለነበር ያ በር ተዘግቷል።

ወደ አመሻሹ "ቤቴ ልሂድ" ሲልሽ "ይሄው ቤትህ አይደል እንዴ!" እያልሽ ትከራከሪዋለሽ። ተይው እማዬ። በዚያ ሰዓት መረበሽ የበሽታው ጠባይ ነው። ሳይጨልም መብራት አብሪ፣ "እሺ፣ እራት እንብላና" በይው። ደግሞ ቤቴ የሚለው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ያደገበትን ይመስለኛል። በ2016 ፈረሰ ብለሽ አትንገሪው። በነገርሽው ቁጥር አዲስ መርዶ ነው የሚሆንበት። ይልቅ ስለ ቤቱ ጠይቂው፤ ግቢው ውስጥ ምን ነበር፣ ጎረቤቱ ማን ነበር በይው። ሲያወራ ይረጋጋል።

ብቻውን ፒያሳ መውጣቱ ግን ያሳስበኛል። መንገድ የሚያውቀው በምልክት ነው፤ ምልክቶቹ ደግሞ ከፈረሳው በኋላ ብዙዎቹ የሉም። ጤነኛውም ሰው እኮ ግራ ይገባዋል! ጊዮርጊስና የምኒልክ ሐውልት አሉ፤ አብራችሁ ስትወጡ በዚያ በኩል ውሰጂው። ስልክሽን ጨርቅ ላይ ጽፈሽ የኮቱ ውስጠኛ ኪስ ላይ ስፊለት። ለባለ ሱቁና ለጥበቃውም ንገሪያቸው። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ማታ ደግሞ ሲሊንደሩን ሳትዘጊ እንዳትተኚ።

እንቅልፍ እንቢ ሲለው ጎረቤት የሰጠችሽን አሚትሪፕቲሊን የሚባል ኪኒን እባክሽ መልሺላት። ብዙ ቤት ይገኛል፣ ግን ለአረጋዊ ሰው መርሳትንና መወናበድን ያባብሳል። ሐኪሙ ሳያውቅ ምንም አትስጪው። ቀን ላይ በእግሩ ካስኬድሽው፣ ከሰዓት በኋላ ቡናውን ከቀነስሽለት ማታው ይቀላል። ጠበሉን አልቃወምም፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ውሰጂው። የደም ግፊት ኪኒኑ ግን በጠበሉ ምክንያት አይቋረጥ። ግፊቱ ከወጣ አንጎሉን ሌላ ጉዳት ይጨምርበታል።

ምስር መልቀም እንደሚችል አይተሻል? ሥራ ስጪው። ቀስ ይበል እንጂ ከእጁ አትቀሚው።

አንቺስ? ድምፅሽ ደክሟል። ከታናሼ ጋር ተነጋግረናል፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት እሱ ይጠብቀዋል። "ምን አደከመኝ" ብለሽ እንዳትመልሺው። የማኅበር ጓደኞችሽ ጋ ሂጂ፣ ካልሆነም ሌላ ክፍል ገብተሽ ተኚ። አባዬ ከወንድሜ ጋር መጀመሪያ ቅር ሊለው ይችላል፣ ይለምዳል።

የግፊት ኪኒኑን ካርቶን ፎቶ አንሺና በቴሌግራም ላኪልኝ። እዚህ ፋርማሲ ጠይቄ ከተገኘ ለሚቀጥለው ወር ይዤ እመጣለሁ።

ልጅሽ