ማሳዳን የጣለው ረሃብ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በሮም ላይ ያመፁ አይሁድ ስለ መሸጉበት ስለ ማሳዳ አምባ ከበባ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። እንዲህ ያለ የጥንት ታሪክ በአማርኛ ተጽፎ ማየት ደስ ያሰኛል። ዳሩ ግን «የሮም ጦር አምባውን 3 ዓመት ከቦ በረሃብና በጥም አስጨንቆ ያዘው» የሚለው የጽሑፉ ዋና ሐሳብ የተሳሳተ ነው። ስሕተቱ የቁጥር ብቻ ቢሆን ባለፍኩት፤ ከበባው እንዴት እንደ ተካሄደ ገልብጦ ስለሚያሳይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

3 ዓመት የሚለው ከየት እንደ መጣ ለመገመት አያስቸግርም። ኢየሩሳሌም በሮማዊው የጦር አዛዥ በጥጦስ እጅ የወደቀችው በ70 ዓ.ም. ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ማሳዳ የተያዘው በ73 ወይም በ74፣ በአይሁድ ፋሲካ ሰሞን ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ ግን በማሳዳ ሥር አልጠፋም። የይሁዳ ገዢ የነበረው ሉቂልዮስ ባሶስ ሄሮድዮንንና ማካይሮስን የተባሉትን ምሽጎች ያስገበረው በዚያ ጊዜ ነው፤ እሱ ሲሞት ፍላቪዮስ ሲልቫ ተተካና 10ኛውን ሌጌዎን (የሮም ክፍለ ጦር) ከረዳት ጦር ጋር ይዞ ወደ ማሳዳ ወረደ።

አሁን ወደ ጥሙ ልምጣ፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እሱ ላይ ነው። ማሳዳ ከሙት ባሕር በስተ ምዕራብ በበረሃ ውስጥ ያለ፣ አናቱ ሜዳ የሆነ አምባ ነው። ስሙ ራሱ በዕብራይስጥ ምሽግ፣ አምባ ማለት ነው። ሜዳው 600 ሜትር ያህል ይረዝማል፣ 300 ሜትር ያህል ይሰፋል። በምሥራቅ ገደሉ ከ400 ሜትር በላይ ሲሆን በምዕራብ ወደ 100 ሜትር ነው። ምንጭ የለውም። ቀደም ሲል የይሁዳ ንጉሥ የነበረው ሄሮድስ ግን በሰሜን ምዕራቡ ገደል ላይ 12 ግዙፍ ጉድጓዶች በሁለት ረድፍ ከአለቱ አስፈልፍሎ ውስጣቸውን በኖራ አስለሰነ። በሶማሌና በሐረርጌ ቆላ ቢርካ የምንለውን አስቡና ዋሻ እስኪያህል አሳድጉት። ሁሉም ሲሞሉ 40,000 ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ይይዛሉ። የሚሞሉትም አምባው ላይ በሚወርደው ጥቂት ዝናብ አይደለም። በምዕራብ ካሉት ደጋማ ቦታዎች የሚመጡ ሁለት ደረቅ ወንዞች በግድብ ተጠልፈው በቦይ ይገቡባቸዋል። ደቻቱን የሚያውቅ የድሬዳዋ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ዓመቱን አሸዋ ሆኖ የሚከርም ወንዝ ደጋው ላይ ሲዘንብ በሰዓታት ውስጥ ሞልቶ ይወርዳል። የሄሮድስ መሐንዲሶች ያንን የሰዓታት ጎርፍ የዓመታት ቀለብ አደረጉት።

ሒሳቡን እንሥራው። የታሪክ ጸሐፊው ፍላቪዮስ ዮሴፍ እንደሚለው አምባው ላይ ከሴትና ከሕፃን ጋር 967 ሰዎች ነበሩ። ለእያንዳንዱ በቀን 10 ሊትር ብንሰፍርለት በቀን 10 ሜትር ኩብ እንኳ አይሞላም። ጉድጓዶቹ በግማሽ ብቻ ሞልተው ነበር ብንል ውኃው ከ5 ዓመት በላይ ይዘልቃል። ትነት ይቀንሰዋል፤ ጉድጓዶቹ ከቅጥሩ ውጭ ገደሉ ላይ ስለሆኑም ከበባው ከጀመረ በኋላ ወደ እነሱ መውረድ ያሰጋል። ላይኛው ሜዳ ላይ ግን ሌሎች ጉድጓዶች ነበሩ። ምግቡም እንዲሁ ነው፤ ዮሴፍ በጎተራዎቹ እህል፣ ወይን፣ ዘይት፣ ጥራጥሬና ቴምር ተከማችቶ እንደ ነበር፣ በአየሩ ንጽሕናም ሳይበላሽ እንደ ቆየ ጽፏል።

ከታች ያለውን ጦር ደግሞ እንየው። ወታደሩ ከ6,000 እስከ 8,000 ይገመታል። 8,000 እንበልና ለአንዱ በዚያ ሐሩር 5 ሊትር ብቻ እንስጠው፤ በቀን 40,000 ሊትር ነው። በእኛ መለኪያ 2,000 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መሆኑ ነው። አንድ አህያ 3 ጀሪካን ብትጭን በየቀኑ ከ660 በላይ አህያ ያስፈልጋል። የዓይንጋዲ ምንጭ በስተ ሰሜን 17 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ደርሶ መልስ 34 ስለሆነ አንዲት አህያ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አትመላለስም። በዚህ ላይ አህዮቹ ራሳቸው ይጠጣሉ። ዮሴፍም ምግቡም ውኃውም ከሩቅ ይመጣ እንደ ነበር፣ ሸክሙንም የሚሸከሙት ለዚሁ የተመደቡ አይሁድ እንደ ነበሩ ጽፏል። እንግዲህ መጠበቅ የሚጎዳው ከላይ ያለውን ሳይሆን ከታች ያለውን ነው። ሲልቫ 3 ዓመት ይቀመጥ ቢል ሊቀመጥ አይችልም ነበር።

ስለዚህ ፈጥኖ መውጣት ነበረበት፤ ፈጥኖ ለመውጣት ደግሞ አስቀድሞ መዝጋት አለበት። በአምባው ዙሪያ 8 ሰፈሮች አሠራ፤ ወደ 4 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የድንጋይ ካብም አስከበበው። የጀጎል ግንብ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ስለሆነ የእኛ ከተማ ሰው ርዝመቱን በእግሩ ያውቀዋል፤ ልዩነቱ ጀጎል የውጭውን ጠላት ለመከልከል የተሠራ ሲሆን የሮማውያኑ ካብ የውስጡን ሰው እንዳይወጣ ለማድረግ መሠራቱ ነው። ኖራ የለውም፣ ደረቅ ካብ ነው። በ2024 የታተመ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ፍርስራሹን በድሮን አንሥቶ በኮምፒውተር በማስላት 5,000 ያህል ወታደር ካቡንና ሰፈሮቹን ከ11 እስከ 16 ቀን ባለው ጊዜ ሊጨርስ እንደሚችል አሳይቷል። ከበባውን በሙሉ የሚገምቱትም በሳምንታት ነው። የካቡ ጥቅም ረሃብ ማምጣት አልነበረም። ሰው በሌሊት እንዳያመልጥና ከበባውን በድንገት ወርዶ እንዳይወጋ ያደርጋል፤ ከሁሉ በላይ ግን ጥቂት ዘበኛ ዙሪያውን እንዲጠብቅ ስለሚያስችል የቀረው ሠራዊት አፈር ለመሸከም ነጻ ይሆናል።

አፈሩ ሠራዊቱን ወደ ቅጥሩ የሚያወጣ ድልድል (ዳገታማ መውጫ) ሆኖ የተደለደለው በምዕራብ በኩል ነው። ሥዕላችሁ ድልድሉን ከሸለቆው ወለል ጀምሮ በሰው እጅ የተቆለለ አድርጎ ያሳያል። እንዲያ አይደለም። ዮሴፍ «ነጭ» የሚለው፣ ወደ አምባው የተጠጋ የተፈጥሮ የአለት ሸንተረር ነበረ፤ የሥነ ምድር ባለሙያው ዳን ጊል በ1993 የድልድሉ አብዛኛው አካል ይኸው ሸንተረር መሆኑን ጽፏል። ሰው የጨመረው ምን ያህል እንደ ሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሲልቫን የሚያስመሰግነው ግን የቆለለው ብዛት ሳይሆን ቦታውን ለይቶ ማየቱ ይመስለኛል። የተጨመረው አፈርና ድንጋይ በበረሃ ዛፍ ግንድና ቅርንጫፍ የተጠላለፈ ነው፤ እንጨቶቹ ዛሬም ከድልድሉ ጎን ወጥተው ይታያሉ። ልቅ አፈርና ጠጠር ብቻውን ሲቆለል ክብደት ሲያርፍበት ወደ ጎን ይናዳል፤ እንጨቱ እንደ ጭቃ ቤት ማገር ያያይዘዋል። ከአናቱ ላይ 50 ክንድ የሆነ በትላልቅ ድንጋዮች የተገጠመ መደብ ተሠራ። ይህ መደብ ለጌጥ አይደለም። የሚቆምበት ብረት የለበሰው የሮማውያኑ የከበባ ግንብ ቁመቱ 60 ክንድ፣ 27 ሜትር ያህል ነውና መሠረቱ በትንሹ ቢሰምጥ ይወድቃል። በኢየሩሳሌም ከበባ ጊዜ ከጥጦስ ግንቦች አንዱ ማንም ሳይነካው በእኩለ ሌሊት ተደርምሶ ሠራዊቱን አሸብሯል። የራሱ የድልድሉ እንጨትም አደጋ አለው፤ እዚያው ኢየሩሳሌም ተከላካዮቹ አንቶንያ በተባለው ምሽግ በኩል ከድልድሉ ሥር ቆፍረው በእሳት አፍርሰውታል። ማሳዳ ላይ ከሥሩ አለት ስለሆነ ቆፍሮ መግባት አይቻልም ነበር።

የግንቡ ሥራ ቅጥሩን መስበር አይደለም። ከላዩ ቀስትና ድንጋይ የሚወረውሩ መሣሪያዎች ተተክለው ቅጥሩ ላይ የቆመውን ሰው ያባርራሉ፤ ከዚያ ከሥር ጫፉ ብረት የሆነው መደብደቢያ ግንድ ያለ ከልካይ ይሠራል። የሄሮድስ ቅጥር ድርብ ነበር፤ ሆኖም ድንጋይ ምት ሲደጋገምበት ይሰነጠቃል፣ ተሰብሮም ተከፈተ።

ከዚህ በኋላ ተከላካዮቹ ያደረጉት ነገር በጽሑፋችሁ ጨርሶ የለም፤ ለእኔ ግን የከበባው ምርጥ ብልሃት እሱ ነው። ረጃጅም ወራጆችን በሁለት ትይዩ ረድፍ ደርድረው፣ በተሻጋሪ ግንድ አያይዘው፣ መካከሉን በአፈር ሞሉት። መደብደቢያው ይህን ሲመታ አፈሩ ምቱን ይውጠዋል፤ እንዲያውም ይበልጥ እየተጠቀጠቀ ይጠነክራል። ወራጁን ከየት አመጡት ቢባል ከቤታቸው ጣሪያ ሳይሆን አይቀርም፤ በቁፋሮ ከተገኙት ያልተቃጠሉ ክፍሎች በብዙዎቹ የጣሪያ እንጨት አልተገኘም። የሐረሪ ቤት ጣሪያ በተደረደረ እንጨት ላይ እንደሚያርፍ የሚያውቅ ሰው የአንድ ሰፈር ጣሪያ ስንት ግንድ እንደሚያወጣ ይገምታል። ድክመቱም ያው እንጨትነቱ ነው። ሲልቫ መደብደቢያውን አቆመና ችቦ አስወረወረ። መጀመሪያ የሰሜን ነፋስ ነበልባሉን ወደ ሮማውያኑ መልሶ መሣሪያቸውን ሊያቃጥል ተቃረበ፤ በኋላ ነፋሱ ተገልብጦ ከደቡብ ነፈሰና ቅጥሩ ነደደ።

በዚያ ሌሊት ግን አልገቡም። ጥበቃውን አጠንክረው ንጋትን ጠበቁ። ይህ ፍርሃት አይደለም፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ67፣ ጋምላ የተባለችው ተራራማ ከተማ ላይ በተከፈተው ቅጥር ተንጋግተው ገብተው በጠባቡ ዳገት ላይ ቤቶች ተደርምሰውባቸው ብዙ ሰው አልቆባቸዋል።

የመጨረሻውን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ ብቻ አለኝ። 960 ሰው በገዛ እጁ ሞተ የሚለውን የምናውቀው ከዮሴፍ ብቻ ነው፤ ከ1963 እስከ 1965 በተደረገው ቁፋሮ የተገኘው አጽም የ30 ሰው ገደማ ነው። ይህ ዮሴፍ በእኛ ዘንድ በግዕዝ ከሚታወቀው የዜና አይሁድ ደራሲ ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ጋር ሊምታታ አይገባም፤ ዜና አይሁድ የተመሠረተበት የዕብራይስጥ መጽሐፍ የተጻፈው በ10ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ፍላቪዮስ ዮሴፍ የተረፉት 2 ሴቶችና 5 ሕፃናት ናቸው ይላል። የተደበቁበትንም ቦታ ይነግረናል፤ የመጠጥ ውኃ በሚያስተላልፈው የምድር ውስጥ ቦይ ውስጥ ነበር።

አክባሪያችሁ፣
ከጀጎል፣ ሐረር