«በዘራቸው አለ» ስለተባለችው እህቴ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስቴር

ለኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሉፐስ ታማሚዎች መዝገብ እንዲጀመር ስለመጠየቅ

እህቴ ሉፐስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ፣ እንዳለባት ከታወቀ ስድስት ዓመት ሆነ። የመገጣጠሚያ ሕመሙን ለመደችው፤ ከፀሐይ መሸሹንም እንዲሁ። ያልለመደችው ሌላ ነው። አምና ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ሊቆረጥ ሲል፣ ከወዲያኛው ቤተሰብ «በዘራቸው በሽታ አለ» ተባለ። ነገሩ እዚያው ቀረ።

ሉፐስ ከዘር ጋር አይገናኝም ብዬ አልሟገትም። ይገናኛል። ግን አጥንት ቆጣሪዎቹ እንደሚያስቡት አይደለም። ዘረመላቸው አንድ ከሆነ መንትዮች አንዷ ብትታመም፣ ሌላዋ አብዛኛውን ጊዜ አትታመምም። የሚያጋልጡት ጂኖች ብዙ ናቸው፤ የአብዛኞቹ ድርሻ ግን ትንሽ ነው። ጎላ ያለ ድርሻ ያላቸው ኤችኤልኤ የሚባሉት ናቸው፤ ሰውነት የራሱን ከባዕድ እንዲለይ የሚረዱት። በዚያ ላይ ፀሐይ፣ ኢንፌክሽንና ሆርሞን ይጨመርበታል። ከአሥር ታማሚ ዘጠኙ ሴቶች ናቸው።

ዝሆኔን አስታውሱ። በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣ በሽታ ሆኖ ሳለ፣ «በዘር ነው» እየተባለ ስንቱ ትዳር ተከልክሏል! በ2012 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የወላይታ ጥናት ከዚሁ ከኤችኤልኤ ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። ጂኑ አለ፤ ጫማ ያደረገ ግን ከበሽታው ይጠበቃል። ጥናቱም የተሠራው በእኛው ሰው ናሙና ነው። ስለዚህ ሉፐስን እዚህ ማጥናት አይቻልም አትበሉኝ።

የሌላ አገር ውጤት መገልበጥም አያዋጣም። ሉፐስ ኩላሊት ሲነካ ጉዳቱን የሚያባብሱ የአንድ ጂን ሁለት ዓይነቶች አሉ፤ ኤፒኦኤል 1 ይባላል። በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ብዙ ናቸው። በ2010 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት በኢትዮጵያውያን ናሙና ሲፈለጉ ግን አልተገኙም። ታዲያ የእኛዎቹን ኩላሊት የሚጎዳው ምንድን ነው? ይህን የሚመልስ የእኛው ናሙና ብቻ ነው።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የሉፐስና የስክሌሮደርማ (ቆዳን የሚያጠነክር፣ የሉፐስ ዓይነት በሽታ) ታማሚዎች አገር አቀፍ መዝገብ ይከፈት፤ ከፈቃደኞች የሚወሰደው ደምም እዚሁ አገር ተቀምጦ ይጠና። ደግሞ በሽታው የታወቀ ዕለት፣ «በዘር» ማለት ምን እንደሆነ ለቤተሰቡ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ባለሙያ ይመደብ። ለእኛ ያስረዳን አልነበረም። የሰጡን የመድኃኒት ወረቀት ብቻ ነው።

እህቴ ደሟን ለመስጠት ዝግጁ ናት። እኔም ጤነኛው ወንድሟ እሰጣለሁ፤ ለማነጻጸር ያስፈልጋል ሲሉ ሰምቻለሁ። የት እንምጣ?

ከአክብሮት ጋር
የታማሚ ወንድም