ስለ ጣሳው ብዮች

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤
ደብረ ብርሃን

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎንስ ከውርጩ ጋር እንዴት አደረገዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

ከሱቁ ተርፈው በጣሳው ካሉት ብዮች ውስጥ አሮጌ ቢኖር በምን እንደሚታወቅ ጠይቀውኛልና የማውቀውን ልጻፍልዎ።

ከሁሉ በፊት እጥበቱ። ጣሳው ሌሊቱን ብርድ ላይ ካደረ ወዲያው ሙቅ ውሃ እንዳይነካው። የብዩ ላይኛው ክፍል ቶሎ ሲለጠጥ ውስጡ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ይሰነጠቃል። እቤት ውስጥ ግማሽ ቀን ያቆዩትና ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና በጨርቅ ይጠቡት። ድስት እንደሚታጠበው በአመድ ወይም በአሸዋ ማሸት ፈጽሞ አይሆንም፤ ውበቱንም ዋጋውንም ይፍቀዋል። ጠረጴዛው ላይ ባና ያንጥፉበት፤ እጅ ስቶ ቢወድቅ አይሸረፍም። ለመለየት ሰፌድ ይበቃል።

ከዚያ ቀለሙን ይርሱት። ቀይና ሰማያዊ ብይ ሁሉም ሠርቶታል። የሚነግርዎት ሁለቱ ጫፎች ናቸው። መስኮት ዳር ጠዋት ተቀምጠው፣ አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር፣ ብዩን ቀስ ብለው እያዞሩ ይፈልጓቸው።

በእጅ የተሠሩት የጀርመን ብዮች ዋና ምንጫቸው ቱሪንጊያ ያለችው ላውሻ ናት። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ እዚያ ለብይ ብቻ የሚሆን መቀስ ተፈለሰፈ፤ አንደኛው ጫፉ ጎድጓዳ፣ ሌላው ስለት ነው። ባለ ቀለም ክሮች የገቡበትን የቀለጠ የመስታወት ዘንግ ጎድጓዳው ውስጥ እያዞሩ ያድቦለቡሉትና ይቆርጡታል። ስለዚህ ዘንጉ በተቆረጠበት ቦታ ሻካራ ጠባሳ ይቀራል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ጫፍ። አንዳንዱ ተሞርዶ ጠፍጣፋ ይሆናል። ውስጡ ያሉት ክሮችም ከአንዱ ጠባሳ ተነሥተው እየተጠመዘዙ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። አንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመኑን ንግድ ስላቋረጠው ይህ ዓይነት ብይ በብዛት እ.ኤ.አ. ከ1914 በፊት የተሠራ ነው።

የማሽኑ ግን ሌላ ነው። አሜሪካዊው ማርቲን ክሪስተንሰን የመስታወት ኳስ መሥሪያ ማሽኑን እ.ኤ.አ. በ1905 የባለቤትነት መብት አስመዘገበበት። ቀልጦ የሚፈሰው መስታወት በመቀስ ይቆረጥና በሚሽከረከሩ ቦይ ባላቸው ብረቶች መካከል ይድቦለቦላል። ሻካራ ጠባሳ አይቀርበትም፤ ቢበዛ መቆረጫው የታጠፈበት ቀጭን መስመር ይታያል። በማሽን ከተሠሩት ውስጥ የኔ ምርጫ እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1951 በአሜሪካዋ ክላርክስበርግ ከተማ የሠራው የአክሮ አጌት ፋብሪካ ብይ ነው፤ ቀለሙ እንደ ብሎን ጥርስ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዞረ ስለሚወጣ አንዴ ካዩት አይሳሳቱትም።

አባዬ፣ ከመጓጓትዎ በፊት አንድ ነገር፤ እንደኔ ግምት ከጣሳው የሚበዛው የድመት ዓይን የሚባለው ነው። ንጹሕ መስታወት ውስጥ ሦስት ወይም አራት ቀለም ቅጠሎች ያሉት ማለት ነው። እሱን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ጃፓን በብዛት ላከችው። በመጀመሪያ በእስያ የተሠራው መስታወቱ ጥቂት አረንጓዴ ይመስላል፤ ውድ ባይሆንም ይለዩት። የብረቶቹ ደግሞ ብይ ሳይሆኑ ከኩሽኔታ የወጡ ናቸውና አብረው አይቀመጡ፤ መስታወቱን ይመቱታል። ድፍን ነጠላ ቀለም ያለው ደግሞ ቀለም መርጫ ቆርቆሮ ውስጥ ለመበጥበጥ የሚገባው ሊሆን ስለሚችል አይታመኑበት።

ሱቆች ብር የሚፈትሹበትን ሰማያዊ መብራት ካገኙ ጨለማ ውስጥ ያብሩበት። ደማቅ አረንጓዴ ከበራ ዩራኒየም አለበት ማለት ነው፤ ደስ ይላል፣ ነገር ግን ዕድሜን አያረጋግጥም፤ ዛሬም ይሠራል።

ከዚያ ጉዳቱን ይፈትሹ፤ ዋጋውን የሚወስነው እሱ ነው። ጥፍርዎን ያስኪዱበት፤ የተፈረፈረው ይይዛል። ላዩ ለስላሳ ሆኖ ከስሩ ግማሽ ክብ ስንጥቅ የሚያበራው ሰብሳቢዎች ጨረቃ የሚሉት ነው፤ በምት የመጣ ነው፣ አይድንም። ዘይት የተቀባ ብይ ቢያመጡልዎ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ዘይት ጭረቱን ይሞላውና ይሸፍነዋል። ከልክ ያለፈ የሚያንሸራትትና ጠባሳው የጠፋ አሮጌ ብይ ደግሞ እንደገና የተሞረደ ነው፤ ሰብሳቢ ከግማሽ ዋጋ በታች ቢሰጥበት አይፈረድበትም።

መጠኑን ለመለካት ብዩን በሁለት መጽሐፍ መሐል ይያዙትና ክፍተቱን በማስመሪያ ይለኩ። የተለመደው 16 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከ19 በላይ የሆነውን ለብቻ ያኑሩ። የመረጧቸውን በእንቁላል ካርቶን ያስቀምጧቸው፤ ጣሳ ውስጥ ሲፋጩ ይፈረፈራሉ።

ያጠራጠረዎትን ልጁ በስልኩ ሦስት ጊዜ ያንሳው፤ ሁለቱን ጫፎችና ጎኑን፣ ማስመሪያው አጠገቡ ሆኖ። የስልኩን መብራት አያብራ፤ ነጸብራቁ ጠባሳውን ይደብቀዋል። ይላክልኝ፣ አይቼ እጽፍልዎታለሁ። ለእናቴም ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

አክባሪ ልጅዎ