የአያትሽን ሰንበቶች ቁጠሪ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የላክሽልኝን የዘር ሐረግ አየሁት፤ እጅሽ ይባረክ። አንድ ቦታ ላይ ሳቅሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ወረቀቱን አስቀምጬ በረንዳ ወጣሁ።

የሳቅሁት «በ1977 እስራኤል ገቡ» የሚለው ላይ ነው። አያትሽ «በሰባ ሰባት ገባን» ስትልሽ የምትቆጥረው በሀገር ቤት ዘመን ነው። ታኅሣሥ ላይ፣ እስራኤል ከሱዳን በድብቅ በአውሮፕላን ባወጣችን በሙሴ ዘመቻ ነው የገባነው፤ በፈረንጁ 1984 ማለቂያ። በፈረንጅ 1977 ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የወጡ ጥቂት ሰዎች ስለነበሩ ነገሩ ያሳስታል፤ የሚያይ ሰው ከእነሱ ጋር ይደምረናል። እኛ ግን እስከ ሱዳን በእግራችን ነው የመጣን።

አጎትሽን በሌላ የቤተሰብ ስም ስላገኘሽው አትደነቂ። ሲመዘግቡን እኔን በአያቴ፣ እሱን በአባታችን ስም ጻፉን፤ ከአንድ ማህፀን ወጥተን በወረቀት ባዕድ ሆንን። ጃንዋሪ 1 የተወለድኩትም መዝጋቢው ጥርሴን አይቶ ስለገመተ ነው።

ከአያትሽ በላይ ላለው ብዙ አትቸገሪም። እኔና እናትሽ ልንጋባ ስንል ሽማግሌዎች ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ዘር ቆጥረዋል፤ በእኛ በኢትዮጵያ አይሁዶች፣ በቤተ እስራኤሎች፣ እስከ ሰባት ቤት የሚገናኝ አይጋባም። የእናትሽ አጎት ያንን ቆጠራ ዛሬም በቃላቸው ይወጡታል፣ ያውም ከነሀገሩ፦ ይሄ ከሰሜን የመጣ፣ ያኛው ደምቢያ የተወለደ። ርስት ስላልነበራቸው ቀጥቃጮቹ አያቶቻችን ማረሻ የሚያስመታ ገበሬ ባለበት፣ በሰው መሬት ላይ ነው የኖሩት፤ ሲለቁም ወናፋቸውን ይዘው ነው። እኚሁ አጎቷ ምንዥላታቸው በፈረንጅ 1862 መነኩሴውን አባ ማህሪን ተከትለው በእግር ኢየሩሳሌም ሊገቡ ከተነሱት አንዱ እንደሆነም ይነግሩሻል። ሊሆን ይችላል። ግን አያቱ አባ ማህሪን ያልተከተለ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ እሱን በእርሳስ ጻፊው።

የእኛን መንገድ ስትጠይቂ አያትሽን ቀን አትጠይቂያት፤ አታውቀውም። «ስንት ሰንበት መንገድ ላይ አረፋችሁ?» በያት። በሰንበት አንጓዝም ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ስንሄድ ሰንብተን ዓርብ ሲመሽ ያለንበት እናርፋለን። ከዚያ ወዲያ ራሷ ትቀጥላለች። ግንቦት 1976 ነው የተነሳነው። የመጀመሪያው ሰንበት ከወገራ ወርደን አርማጭሆ ቆላ፣ ሾላ ሥር፤ ዳቦ ቆሎው ገና አላለቀም። ሁለተኛው አንገረብ ዳር። አባቴ ውሃውን በነጠላው ጫፍ እያጠለለ ጀሪካኑን ይሞላ ነበር። ጥለቱ ላይ የቀረውን ጭቃ በጣቴ እያነሳሁ እጫወት እንደነበር አልረሳውም። ያ ነጠላ ኋላ ለሌላ ነገር ዋለ።

ሦስተኛው ላይ ስትደርስ አያትሽ ዝም ትላለች። አትጫኛት። በረንዳ የወጣሁት ለዚያ ነው፤ አንቺ ከእሷ ሥር አራት ልጆች አድርገሻል። አምስት ነን። ታናሽ እህቴ ሁለት ዓመቷ ነበር። መንገድ መሪው «ሽፍታ አለ» ብሎ ያለ ሰዓቱ ያስነሳን የሰንበት ለሊት ነው፣ አዝላት ስትሄድ እናቴ ጀርባ ላይ የቀዘቀዘችው። እንዳረፈች ያወቅነው ሲነጋ ነው። የሱዳኑ ኡም ራኩባ የስደተኛ ካምፕ ሳንደርስ በአባቴ ነጠላ ገንዘን ቀበርናት፤ ቦታውን ዛሬ ብትወስጂኝ አላገኘውም። የመዘገቡን እዚህ ከገባን በኋላ ስለሆነ የትም ወረቀት ላይ አታገኚያትም። በዚያ መንገድና በሱዳን ካምፖች የቀሩት 4,000 ያህል ናቸው ይባላል። አያትሽ በየዓመቱ ጉልበቷን እያመማት ኢየሩሳሌም ሄርጽል ተራራ፣ በመንገድ ለቀሩት የቆመው መታሰቢያ ድረስ የምትወጣው ለእሷ ነው፤ እናንተ ግን ለጉብኝት ይመስላችሁ ነበር።

ከአጎትሽ ቀጥሎ አንድ ሳጥን ጨምሪ። ስሟን ከእኔ አትውሰጂ፤ አያትሽ ትንገርሽ።

አባትሽ