የሚሶ ሾርባ ሁሉ የጾም አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በምግብ ዓምዳችሁ የጃፓን ምግብ ለጾመኛ እንደሚመች የሚያስረዳ ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር። ሚሶ (የተብላላ የአኩሪ አተር ሊጥ) የሚበጠበጥበት ሾርባ፣ በሾርባ የሚቀርበው ኡዶን የተባለ ወፍራም የስንዴ ኑድል፣ በመረቅ የተቀቀለ አትክልትና መረቅ የፈሰሰበት ጥብስ ቶፉ (ከአኩሪ አተር ወተት የረጋ) «ሥጋም ወተትም የሌለባቸው» ተብለው ተዘርዝረዋል። ሳህኑ ላይ በሚታየው ከሆነ እውነት ነው። ጉዳዩ ግን ያለው በማይታየው፣ በመረቁ ነው። አራቱም ምግቦች በተለመደው የጃፓን ወጥ ቤት የሚሠሩት በዓሣ መረቅ ነው፤ አንባቢ ይህን ሳያውቅ በረቡዕና ዓርብ እንዳያዝዛቸው እርማት ያስፈልጋል።

መረቁ ዳሺ ይባላል። የተለመደው ዳሺ የሚወጣው ኮምቡ ከተባለ ደረቅ የባሕር አረምና ካትሱኦቡሺ ከተባለ የደረቀ ዓሣ ነው። ካትሱኦ የቱና ዘመድ ነው። ይቀቀላል፣ አጥንቱ ይለቀማል፣ ከዚያም በእንጨት ጭስ እየታጠነ ለሳምንታት ይደርቃል፤ ምርጥ የሚባለው ደግሞ ሻጋታ ይዘራበትና ለወራት ፀሐይና ጥላ እየተፈራረቀበት ይቆያል። በመጨረሻ ቢላ የማይደፍረው ደረቅ ግንድ ይሆናል። በመላጊያ ተፍቆ የወጣው ስስ ፍቅፋቂ በትኩስ ውሃ ውስጥ ደቂቃ ያህል ይቆያል፣ ይጠለላል፣ ይጣላል። ሳህን ውስጥ የሚቀር አንዲት የዓሣ ቁራጭ የለችም። አስተናጋጁ «ሥጋና ዓሣ አልበላም» ተብሎ ሳለ ሚሶ ሾርባ ይዞ ቢመጣ ለማታለል ብሎ አይደለም፤ እሱ መረቁን ዓሣ ብሎ አይቆጥረውም። በየቤቱ ደግሞ በካትሱኦቡሺ ፈንታ ኒቦሺ፣ ማለትም ተቀቅለው የደረቁ ትንንሽ ዓሦች ይገቡበታል።

ዓሣ እንዲህ ሁሉ ነገር ውስጥ የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። ንጉሠ ነገሥት ቴንሙ በ675 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከአራተኛው እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ የከብት፣ የፈረስ፣ የውሻ፣ የጦጣና የዶሮ ሥጋ እንዳይበላ አዋጅ አስነገሩ። ዓሣ በአዋጁ አልተካተተም። የቡድሃ እምነት እየተስፋፋ ሥጋ ከማዕድ እየራቀ ሲሄድ ቦታውን ዓሣ ያዘ። ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ሥጋ መብላታቸው በይፋ የተነገረው በ1872 ነበር። በእነዚያ ሁሉ ዘመናት የጃፓን ጣዕም በባሕር ላይ ተሠርቶ አለቀ። (ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን የእኛን ክርክር ለአባቶች እተዋለሁ። ይበላል ለሚል ሰው ከላይ ያሉት ምግቦች ብዙም አያስቸግሩትም፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት አይበላም ለሚለው ነው።)

ጽሑፋችሁ ያለፈው ትልቁ ነገር ጃፓን የራሷ የጾም ወጥ ቤት ያላት መሆኑ ነው። ሾጂን ርዮሪ ይባላል፤ የቡድሃ ገዳማት ምግብ ነው። ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለበትም፤ ወተትም በጥንቱ ወግ የለም። በ1244 በፉኩይ ተራሮች መካከል የኤይሄይጂን ገዳም የመሠረተው መነኩሴ ዶገን፣ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1237 ለገዳም ወጥ ሠሪ የሚሆን መመሪያ ጽፎ ነበር። ሩዝ ሲታጠብ አንዲት ፍሬ እንዳትባክን ጭምር የሚያሳስብ መመሪያ ነው። በኤይሄይጂ ቁርስ እስከ ዛሬ የሩዝ አጥሚት፣ የተቀመመ ነጭ ራዲሽና በጨው የተወቀጠ ሰሊጥ ነው።

ይህን ወጥ ቤት ከእኛ የጾም ወጥ ቤት የሚለየው ትልቁ ነገር ሽንኩርት ነው። የገዳሙ ሥርዓት ቀይ ሽንኩርትን፣ ነጭ ሽንኩርትን፣ ባሮንና የመሳሰሉትን ይከለክላል፤ ቁሌት የሚባል ነገር የለም ማለት ነው። ምግቡን የሚሸከመው መረቁ ብቻ ስለሆነ መነኮሳቱ ዓሣ የሌለበትን ዳሺ ለዘመናት ሲያሻሽሉት ኖረዋል። የእኛ ጾም ሽንኩርት ስለማይከለክል አንባቢ ይህን ክፍል መተው ይችላል፤ መረቁን ግን ከእነሱ መማር ይገባል።

ከኮምቡ እንጀምር። የጃፓን ኮምቡ አብዛኛው ከሆካይዶ ደሴት ዳርቻ ይመጣል። የሪሺሪ ኮምቡ ጥርት ያለ መረቅ ይሰጣል፤ ማ-ኮምቡ ለስለስ ብሎ ይጣፍጣል፤ የራውሱ ጠንከርና ጠቆር ያለ ነው፤ ሂዳካ ደግሞ ቶሎ ስለሚለሰልስ ከመረቅ ይልቅ ተቀቅሎ ለመበላት ይሻላል። ላዩ ላይ የሚታየው ነጭ ዱቄት ሻጋታ አይደለም፤ ማኒቶል የተባለ ከራሱ ከአረሙ የወጣ ጣፋጭ ነገር ነው። ስለዚህ አይታጠብም፤ እርጥብ ጨርቅ በስሱ ማሳለፍ ይበቃል።

ለ1 ሊትር ውሃ 10 ግራም ኮምቡ ይበቃል። ቀላሉ መንገድ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሮ ጠዋት ማውጣት ነው። ጥሩው መንገድ ደግሞ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፎ በዝግታ ወደ 60 ዲግሪ ማድረስና እዚያው ሙቀት ላይ 1 ሰዓት ማቆየት ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ እሳቱን ዝቅ አድርጎ ድስቱን መጠበቅ ነው፤ ከታች ትንንሽ አረፋ መውጣት ሲጀምር ኮምቡው ይወጣል። ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኮምቡው ውስጥ እያለ ውሃው ከፈላ መረቁ ይዝለገለጋል፣ የባሕር ሽታም ያወጣል፤ ያንን ደግሞ ሚሶም አኩሪ አተር ሶስም አይሸፍነውም። ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀር፣ ካልሲየም የበዛበት ውሃም የኮምቡን ጣዕም በደንብ አያወጣም። የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ሰው የታሸገ ለስላሳ ውሃ ቢወስድ ልዩነቱን ያየዋል።

ሁለተኛው ግብዓት ደረቅ ሺታኬ እንጉዳይ ነው። ምክንያቱን ሳይንሱ በደንብ ያስረዳል። በ1908 የቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲው ኪኩናኤ ኢኬዳ የኮምቡ ጣዕም ግሉታሜት ከተባለ ንጥረ ነገር እንደሚመጣ አረጋገጠ፤ ጣዕሙን «ኡማሚ» ብሎ የሰየመውም እሱ ነው። በ1913 ሺንታሮ ኮዳማ በካትሱኦቡሺ ውስጥ ኢኖሲኔት የተባለ ሌላ ጣዕም ሰጪ ንጥረ ነገር አገኘ። በ1957 ደግሞ አኪራ ኩኒናካ ጓኒሌት የተባለውን ለየ፤ ከግሉታሜት ጋር ሲገናኝ የሁለቱ ጣዕም ከድምራቸው በላይ እንደሚጎላም አሳየ። ደረቅ ሺታኬ ይህ ጓኒሌት አለው። ስለዚህ ኮምቡና ሺታኬ ሲገናኙ ከኮምቡና ከዓሣው ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ፤ ጾመኛው በዓሣው መቅረት የሚያጣው ሽታውን እንጂ ጉልበቱን አይደለም።

10 ግራም ደረቅ ሺታኬ በ250 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያድራል። ቸኩሎ የፈላ ውሃ የሚያፈስበት ሰው የሚያገኘው መራራ ውሃና ጎማ የሆነ እንጉዳይ ነው። ካደረ በኋላ ግን መሞቅ አለበት፤ ጓኒሌቱ በብዛት የሚፈጠረው የራሰው እንጉዳይ ሲሞቅ ነውና ቀዝቃዛውን ውሃ ቀምሶ «ጣዕም የለውም» ብሎ መድፋት ስህተት ነው። ከታች የሚዘቅጠው አሸዋ በነጠላ ጨርቅ ይጠለላል። ሲደባለቅ ሦስት እጅ የኮምቡ፣ አንድ እጅ የሺታኬ መረቅ ይሁን። እኩል ከተደረገ ሁሉም ነገር እንጉዳይ እንጉዳይ ይላል፤ ብዙ የጾም ሚሶ ሾርባ የሚበላሸውም በዚህ ነው። ትኩስ እንጉዳይ አይተካውም።

ኮምቡ ለማያገኝ ሰው ገዳማቱ ሌላም መረቅ አላቸው። 50 ግራም አኩሪ አተር ቡናማ እስኪሆን በዝግታ ይቆላል፣ በ1 ሊትር ውሃ ያድራል፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ያህል ይንተከተካል። ከጠቆረ ይመራል። እንደ ኮምቡ አይጎላም፣ ግን የጾም ነው፣ አኩሪ አተር ደግሞ እዚሁ አገር ይበቅላል።

ሚሶው ራሱ ችግር የለበትም። አኩሪ አተር፣ ጨው፣ እንዲሁም ኮጂ የተባለው ሻጋታ የበቀለበት ሩዝ ወይም ገብስ ነው። ለአራት ሰው 800 ሚሊ ሊትር መረቅና ከ50 እስከ 60 ግራም ሚሶ ይበቃል፤ ነጩ ሚሶ ጨው ስለሚያንሰው ትንሽ ይጨመርለታል። ቶፉው በመረቁ ይሞቃል፣ እሳቱ ይጠፋል፣ ሚሶው በጭልፋ ውስጥ በትንሽ መረቅ ተበጥብጦ ይጨመራል። ሚሶ ከገባ በኋላ ማፍላት ሽታውን ያባርረዋል፤ ደጋግሞ ማሞቅም እንዲሁ። ዋካሜ የሚባለው ደረቅ አረም ሲርስ አሥር እጥፍ ገደማ ስለሚያብጥ ለአራት ሰው 4 ግራም ይበዛል እንጂ አያንስም።

ከገዳሙ ምግብ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የሰሊጥ ቶፉውን፣ ጎማ-ዶፉን እመርጣለሁ። ስሙ ቶፉ ይባል እንጂ አኩሪ አተር የለበትም። 50 ግራም ነጭ የሰሊጥ ቅቤ፣ 50 ግራም ኩዙ የሚባል የሥር ስታርችና 500 ሚሊ ሊትር የኮምቡ መረቅ ከትንሽ ጨው ጋር በብርዱ ይበጠበጣል፣ በወንፊት ይጠለላል። ከዚያ መካከለኛ እሳት ላይ ይጣዳል። መጉላት ሲጀምር እሳቱ ይቀንስና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እንደ ገንፎ ያለማቋረጥ ይማሰላል። ገና በአምስተኛው ደቂቃ የወፈረ ይመስላል፤ ያኔ ያወጣው ሰው ዱቄት ዱቄት የሚል፣ ሲቆረጥ የሚፈርስ ነገር ያገኛል። የሚያብረቀርቅና ከድስቱ የሚላቀቅ ሲሆን በውሃ በራሰ ዕቃ ተገልብጦ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይረጋል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ካደረ ስታርቹ ስለሚደርቅ በዕለቱ ይበላ። ኩዙ ውድ ነው፤ ስመ ጥሩው የናራ አውራጃው የዮሺኖ ነው። በበቆሎ ስታርች ይረጋል፣ ግን ልስላሴውና መለጠጡ የለም። እስራኤልና አረብ አገር ያሉ ወገኖች ጣሂናን መጠቀም ይችላሉ፤ የሁመራ ሰሊጥ በእጁ ያለ ሰው ግን በስሱ ቆልቶ ቢፈጨው ይሻለዋል።

የሚገዛ ሰው ደግሞ ዕቃ ዕቃውን ይመርምር። «ዳሺ-ኢሪ» የሚል ሚሶ ዳሺ የተጨመረበት ነው፤ ያም ብዙውን ጊዜ ዓሣ ነው። የዳሺ ዱቄት፣ ሜንትሱዩ የሚባለው የኑድል ሶስና ፖንዙ የሚባለው ኮምጣጣ ሶስ አብዛኛውም እንዲሁ። በጃፓን ሕግ እንቁላል፣ ወተት፣ ስንዴና ሽሪምፕን የመሳሰሉ አለርጂ የሚያስነሱ ነገሮች በግዴታ ይገለጻሉ፤ ካትሱኦ ከእነዚያ መካከል የለም። ስለዚህ የአለርጂ ሠንጠረዡን ብቻ አይቶ መግዛት አያዋጣም፤ መነበብ ያለበት የግብዓቱ ዝርዝር ነው። ታማጎ-ዶፉ ስሙ ቶፉ ቢመስልም እንቁላል ነው። ቴምፑራ የሚባለው በሊጥ ተነክሮ የሚጠበስ ምግብ ሊጡ ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት፣ ማጥቀሻው ደግሞ ዳሺ። ኢናሪ ሱሺ የሚባለው ምግብ ሩዙ የሚሞላበት የቶፉ ከረጢት የሚቀቀለው በዳሺ ነው። የጃፓን ካሪ ጥፍጥፍ አብዛኛው የከብት ወይም የአሳማ ስብ አለው። አልኮል የማይነኩ አንባቢዎች ደግሞ ሚሪን የሚባለውን ጣፋጭ የማብሰያ የሩዝ መጠጥ ልብ ይበሉ፤ እውነተኛው ሚሪን 14 በመቶ ገደማ አልኮል ሲሆን በተቀቀለ አትክልት ውስጥ ሁሉ አለ። ምግብ ቤት ውስጥ «ሥጋ አለው?» ከማለት «መረቁ በምን ተሠራ?» ማለት ይሻላል።

በመጨረሻ፣ ጽሑፋችሁ ኮምቡ «በፈለጉት መጠን ቢበላ ጤና ነው» ማለቱም መታረም አለበት። አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ያህል ነው፤ 1 ግራም ደረቅ ኮምቡ ብቻውን ከዚያ ብዙ እጥፍ ይይዛል፣ አብዛኛውም ወደ መረቁ ይወጣል። እንቅርት ወይም ሌላ የታይሮይድ ሕመም ያለበት ሰው፣ እርጉዝና የምታጠባ እናት ሐኪም ሳያማክሩ በየቀኑ ባይጠጡት ይሻላል። ለእነሱ ከላይ የጠቀስኩት የተቆላ አኩሪ አተር መረቅ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ